የተጣለው ሁሉ የሚታይበት አዳራሽ

ሁለት ቶን ገደማ የሚመዝን፣ እንደ መስታወት የጠራ የአክሪሊክ ፕላስቲክ ጠርብ ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ እንግሊዝ ውስጥ ለአንድ ፊልም ሲባል ተሠራ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቀልጦ ከፈሰሰ በኋላ እስኪቀዘቅዝ ሳምንታት ተጠበቀ፤ ተሞርዶና ተወልውሎ እስኪያበራ ደግሞ ሌሎች ሳምንታት አለፉ። በመጨረሻ ስቱዲዮ ገብቶ መብራት ሲበራበት ዳይሬክተሩ አልወደደውም። አረንጓዴ የሚል ብርጭቆ እንጂ ከሌላ ዓለም የመጣ ነገር አልመስል አለው። እንዲነሳለት አዘዘ። በቦታው ከእንጨት የተሠራ፣ ግራፋይት የገባበት ጥቁር ቀለም ተደጋግሞ የተቀባ ሐውልት ቆመ፤ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ጥቁሩ ሐውልት ይህ ነው። የተጣለው ጠርብ ከዓመታት በኋላ አርተር ፍላይሽማን በተባለ ቀራጺ እጅ ገባ። እሱም ለንግሥት ኤልዛቤጥ ሁለተኛ የነገሡበት ሃያ አምስተኛ ዓመት የዘውድ ቅርጽ አወጣበትና በ1977 ለንደን ውስጥ በሴንት ካትሪን ዶክስ ተተከለ።

«2001፦ ስፔስ ኦዲሲ» የተባለው ፊልም እንዴት እንደተሠራ የሚያሳየውን ዐውደ ርእይ ስጎበኝ በልቤ ሲመላለስ የነበረው የዚህ ጠርብ ታሪክ ነው። እንዲህ ያለ ዐውደ ርእይ ሲባል ሰው የሚጠብቀው ፊልሙን በቅርብ ማየት ነው፤ የጠፈር መንኮራኩሮቹን፣ የጠፈር ልብሶቹን፣ ሃል የተባለውን የመንኮራኩሯን ኮምፒውተር ቀይ ዓይን። እኔ ግን ከሁሉ ይልቅ ያገኘሁት ፊልሙ ውስጥ የሌለውን ነው። በግድግዳውና በመስታወት ሣጥኖቹ ውስጥ ያለው አብዛኛው ነገር የተሞከረና የተተወ ሐሳብ፣ የተሻረ ርእስ፣ መንገድ ላይ የቀረ ንድፍ ነው። ስወጣ የያዝኩት እምነትም ይኸው ነው፦ ይህን ፊልም ታላቅ ያደረገው ከተጨመረበት ይልቅ የተቀነሰበት ነው፤ የመቀነሱም ዋጋ ውድ ነበር። ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ሰውም ከፍሎበታል።

ዐውደ ርእዩ መጀመሪያ የተዘጋጀው በጀርመን ፍራንክፈርት፣ የፊልም ተቋሙና ሙዚየሙ በ2018 የፊልሙን አምሳኛ ዓመት ባከበረበት ወቅት ነው። በጃንዋሪ 2020 ኒው ዮርክ ደረሰና በኩዊንስ አስቶሪያ በሚገኘው ሙዚየም ኦፍ ዘ ሙቪንግ ኢሜጅ ተከፈተ። በማርች ወረርሽኙ የከተማይቱን በሮች ሁሉ ሲዘጋ የሙዚየሙም በር ተዘጋ። ከዚያ በፊት ለማየት ከታደሉት አንዱ ነኝ። ሙዚየሙ ያረፈው በ1920 በተከፈተው የአስቶሪያ ስቱዲዮ ግቢ ውስጥ ነው፤ ድምፅ አልባ ፊልሞች ይሠሩበት በነበረ ስፍራ። የፊልሙ ዳይሬክተር ስታንሊ ኩብሪክ ያደገው ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ብሮንክስ ውስጥ ነው፤ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜው ለሉክ መጽሔት ፎቶ የሚያነሣ ልጅ ነበር። ፊልሙ በእንግሊዝ ስቱዲዮዎች ቢቀረጽም ሐሳቡ የተፀነሰው ኒው ዮርክ ውስጥ ስለሆነ ወረቀቶቹ ወደ ትውልድ ከተማቸው የተመለሱ መስለው ታዩኝ።

ከወረቀቶቹ ሁሉ የቆየው በማርች 1964 መጨረሻ ለሳይንሳዊ ልብ ወለድ ደራሲው ለአርተር ሲ. ክላርክ የተጻፈው ደብዳቤ ነው። ኩብሪክ በዚያ ደብዳቤ «በእርግጥ ጥሩ» የሚባል ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም አብረው የመሥራትን ነገር ሊያነጋግረው እንደሚፈልግ ይገልጻል። ክላርክ በሲሎን፣ በዛሬዋ ስሪ ላንካ፣ ይኖር ነበር። በኤፕሪል ኒው ዮርክ ውስጥ ተገናኙ፤ ከዚያ በኋላ ልቦለዱና ፊልሙ ጎን ለጎን ሲጻፉ ክላርክ ቼልሲ ሆቴል ሆኖ ቀን ከሌት ይጽፍ ነበር። በ1965 መጀመሪያ ፊልሙ ለሕዝብ ሲታወጅ ርእሱ «ከከዋክብት ባሻገር የሚደረግ ጉዞ» የሚል ነበር። ያ ርእስ ቢጸና ኖሮ ፊልሙም ከዚያ ርእስ ያልበለጠ ነገር ይሆን ነበር ብዬ አስባለሁ። የጀብዱ ታሪክ ርእስ ነው፤ ይህ ፊልም ግን ጀብዱ አይደለም።

ወደ ሞዴሎቹ ልለፍ፤ ወደ ሞዴሎቹ አለመኖር ማለቴ ነው። ዐሥር ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ ከእናቱ ጋር አጠገቤ ቆሞ ስለ መንኮራኩሯ ስለ ዲስከቨሪ የተጻፈውን ካነበበ በኋላ «እሷ ራሷ የታለች?» ብሎ ጠየቃት። «ሰባብረዋታል» አለችው። ልጁ ለምን ሲል እናቱ ዝም አለች። መልሱ አለ፤ ግን ለሕፃን አይነገርም። ኩብሪክ ሞዴሎቹና ትዕይንቶቹ ሌላ ርካሽ ፊልም ውስጥ ተመልሰው እንዳይታዩ ስለፈራ አብዛኞቹ እንዲወድሙ ተደረገ። ትልቁ የዲስከቨሪ ሞዴል 16 ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው። ተሽከርካሪው የጠፈር ጣቢያ ደግሞ ሜዳ ላይ ተጥሎ፣ ዝናብ ወርዶበት፣ ተቆራርሶ ቀረ። ከዋና ዋናዎቹ ሞዴሎች ከጥፋት ያመለጠው ሰዎችን ወደ ጨረቃ የሚያደርሰው ክቡ ኤሪስ ነው። በ1970ዎቹ ለአንድ የሥዕል መምህር ተሰጥቶ ለአርባ ዓመታት ያህል በግል ቤት ሲቀመጥ ማን ልብ አለው? በ2015 ለጨረታ ወጣና ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ በ344 ሺህ ዶላር ለራሱ ሙዚየም ገዛው።

በዚህ ምክንያት የፊልሙ ዋና ምስክር ወረቀት ሆኗል። ኩብሪክ ዕቃውን ሲያጠፋ ወረቀቱን አልጣለም። ደብዳቤ፣ የቀረጻ መርሐ ግብር፣ በየወረቀቱ ጠርዝ የተጫረ ማስታወሻ፣ ሁሉንም በሣጥን በሣጥን አድርጎ ከእንግሊዝ ቤቱ አስቀምጦታል። ከሞቱ በኋላ ቤተሰቡ ለለንደን የሥነ ጥበባት ዩኒቨርሲቲ ሰጠው፤ ክምችቱም ከ2007 ጀምሮ ለተመራማሪዎች ክፍት ነው። ከአሜሪካ የጠፈር መርሐ ግብር የመጣው ሃሪ ላንግ የሳላቸውን መንኮራኩሮች ስመለከት አንድ ነገር አስደነቀኝ፤ ሞተሩ የት እንደሚቀመጥ፣ ነዳጁ በየት እንደሚያልፍ፣ ሰው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ሳይወሰን የተሠመረ መሥመር አይገኝም። ካሜራ ፈጽሞ ያላየው ክፍል ሁሉ ታስቦበታል። ተመልካች ይህን አያውቅም፤ ግን ይሰማዋል። መንኮራኩሯ በማያ ገጹ ላይ ስትታይ «ይህች ትሠራለች» የሚል እምነት የሚያድርብን ለዚህ ነው።

አሁን ብዙ ወደማደንቀው ነገር ደረስኩ፤ ምስሉ እንዴት እንደተሠራ። በዚያን ዘመን ምስል የሚሠራ ኮምፒውተር አልነበረም። መንኮራኩር ከዋክብት በተረጩበት ጥቁር ሰማይ ላይ ለማሳየት የተለመደው መንገድ መንኮራኩሩን ለብቻ፣ ከዋክብቱን ለብቻ ቀርጾ በሦስተኛ ፊልም ላይ አንድ ላይ ማተም ነበር። ነገር ግን ፊልም ከፊልም በተገለበጠ ቁጥር ጥራቱ ይቀንሳል፤ ምስሉ እህል እህል ይላል፣ ጠርዙ ይደበዝዛል። ኩብሪክ ይህን አልቀበልም አለ። ሁሉም ነገር በመጀመሪያው ኔጋቲቭ፣ ማለትም መጀመሪያ ካሜራ ውስጥ በገባው ፊልም ላይ እንዲቀረጽ ወሰነ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ቀስ ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ሞዴሉ በጥቁር መደብ ላይ ይቀረጻል። ፊልሙ ሳይታጠብ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይገባል። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ያው ፊልም ወጥቶ ካሜራ ውስጥ ተመልሶ በመንኮራኩሩ መስኮት የሚታዩት ሰዎች ይቀረጹበታል። ደግሞ ወደ ማቀዝቀዣ። ደግሞ ወጥቶ ከዋክብቱ ይጨመሩበታል፤ ከዋክብቱ በመንኮራኩሩ አካል ላይ እንዳያበሩ የመንኮራኩሩ ጥላ ቅርጽ በእጅ፣ ለእያንዳንዷ ፍሬም (ለእያንዳንዷ ነጠላ የፊልም ምስል) አንድ በአንድ፣ በጥቁር ቀለም ተስሏል። በአንዱ እርከን እጅ ቢስት የቀደመው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ለወራት በብርድ የተቀመጠው ጥቅል ታጥቦ እስኪወጣ ድረስ የተሳካ መሆኑን የሚያውቅ ሰው የለም። በፊልሙ ውስጥ እንዲህ ያሉ ትዕይንቶች ከ200 በላይ ናቸው።

ሞዴሉ ከቅርብም ከሩቅም ጥርት ብሎ እንዲታይ የሌንሱ ቀዳዳ እጅግ መጥበብ ነበረበት፤ ቀዳዳው ሲጠብ ብርሃን ያንሳል፤ ብርሃን ሲያንስ እያንዳንዷ ፍሬም ረጅም ጊዜ መጋለጥ አለባት። ስለዚህ ካሜራው ዓይን ሊያየው በማይችለው ዝግታ በሐዲድ ላይ ይንፏቀቅ ነበር። በሰከንዶች ለምናየው ትዕይንት ሰዎች ለሰዓታት ቆመው ይጠብቁ ነበር። የፊልሙ ዝግታ፣ ብዙ ሰው የሚያማርርበት ያ ዝግታ፣ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ሥራው ራሱ ዝግ ያለ ስለነበር የሠሪዎቹ ትንፋሽ ወደ ፊልሙ ገብቷል። ይህን ማረጋገጥ አልችልም፤ ግን ንድፎቹን ፊት ለፊት ቆሞ ያየ ሰው ይህን ሳያስብ አያልፍም።

በመንኮራኩሮቹ ውስጥ የሚያበሩት የኮምፒውተር ገጾችም በእጅ የተሠሩ ናቸው። ፊደሎቹና ሰንጠረዦቹ በወረቀት ተስለው፣ ፍሬም በፍሬም ተቀርጸው፣ ከገጹ ጀርባ በተደበቁ ፕሮጀክተሮች ይታዩ ነበር። ይህን ሥራ ከሚሠሩት አንዱ ዳግላስ ትራምቡል የሚባል የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነበር። በ1964ቱ የኒው ዮርክ የዓለም ትርኢት ላይ ስለ ሕዋ የታየ አንድ አጭር ፊልም ላይ ሥዕል ሲሠራ ቆይቶ፣ ኩብሪክ ጠፈርን የሚመለከት ፊልም ሊሠራ መሆኑን ሲሰማ ራሱ ስልክ ደውሎ ሥራ ጠየቀ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። ስልኩን ባያነሳ ኖሮ የፊልሙን መጨረሻ እንዲህ አድርጎ የሚሠራው ሰው አይገኝም ነበር።

መጨረሻው ማለቴ ጠፈርተኛው ቦውማን በብርሃን ጎዳና ውስጥ የሚወረወርበት ክፍል ነው። ክላርክ በቃል ሊጽፈው ይችላል፤ ካሜራ ግን ምን ይቅረጽ? የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች የተደረጉት ገና በ1965፣ ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት፣ ማንሃተን ውስጥ የጡት ማስያዣ ፋብሪካ በነበረ ባዶ ሕንጻ ነው። ቀለምና ቀጭን አሟሚ ፈሳሽ በጠፍጣፋ ገንዳ ውስጥ እየተቀላቀለ በከፍተኛ ፍጥነት ከቅርብ ይቀረጻል። ሲታይ ጣት የማይሞላው የቀለም ጠብታ የጋላክሲ መወለድ ይመስላል። እነዚያ ምስሎች በፊልሙ ገብተዋል። ነገር ግን አልበቁም፤ ተመልካቹን ወደ ፊት የሚስብ ነገር ያስፈልግ ነበር።

ትራምቡል የመጣበት መላ በስፋት ስሊት ስካን በመባል ይታወቃል። ጥቁር በተቀባ ትልቅ ሰሌዳ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ተከፈተ። ከስንጥቁ ጀርባ፣ ከበስተኋላ ብርሃን የሚበራበት በመስታወት ላይ የተለጠፈ ሥዕል ይንሸራተታል፤ ሥዕሉ የኤሌክትሮኒክስ ሰርኪዩት ንድፍ ሊሆን ይችላል፣ በማይክሮስኮፕ የታየ ክሪስታል ሊሆን ይችላል። ካሜራው ከአራት ሜትር ተኩል ርቀት ተነስቶ ስንጥቁን ሊነካ እስኪቃረብ ድረስ ይጓዛል። በዚህ ጉዞ ሁሉ የካሜራው መዝጊያ ክፍት ነው። ጉዞው ሲያልቅ የተገኘው አንዲት ፍሬም ናት። ከዚያ ካሜራው ወደ መነሻው ይመለሳል፣ ሥዕሉ በጥቂቱ ይዛወራል፣ ሁሉም እንደገና ይጀመራል። ለአንድ ሰከንድ ፊልም ሃያ አራት ፍሬም ያስፈልጋል። ሙከራዎቹን ስመለከት ብርሃኑ የሚመጣበት አንዳች ሥፍራ በዓለም ላይ አለመኖሩን አሰብኩ። ካሜራ ፊት የነበረ መንገድ የለም፣ ዋሻ የለም፣ ግድግዳ የለም፤ በፊልሙ ላይ የምናየው ጎዳና የተፈጠረው በጊዜ ውስጥ ነው። ይህ ለእኔ ከፊልሙ ድንቆች ሁሉ የበላይ ነው።

ስለ ተሽከርካሪው ጎማ ብዙ ተጽፏልና በአጭሩ ልለፈው። ጠፈርተኛው ፑል በክብ ክፍል ውስጥ ዙሪያውን የሚሮጥበት ትዕይንት ከዳር እስከ ዳር 12 ሜትር ያህል በሆነና 30 ቶን ክብደት ባለው እውነተኛ ጎማ ውስጥ ተቀረጸ። ጎማውን የሠራው ቪከርስ የተባለው ኩባንያ ነው፤ ወጪውም 750 ሺህ ዶላር ደረሰ። ተዋናዩ ሁልጊዜ ከታች ነው፤ የሚዞረው ክፍሉ ነው። መብራቶቹ እየዞሩ ይፈነዱ ስለነበር ውስጥ መቆም አደገኛ ነበር፤ ኩብሪክም ከውጭ ሆኖ በቴሌቪዥን ይከታተል ነበር። ከዚህ ሁሉ ግዙፍነት ጎን አንዲት ብዕር አለች። በአየር ላይ የምትንሳፈፈዋ ብዕር በትልቅ የመስታወት ሰሌዳ ላይ በሁለት በኩል በሚጣበቅ ፕላስተር ተለጥፋ ነበር፤ ሰሌዳው ቀስ ብሎ ይዞራል፣ የበረራ አስተናጋጇ ብዕሯን ላጥ አድርጋ ትወስዳለች። ሁለቱም በአንድ ፊልም ውስጥ እኩል ያሳምኑናል።

በፊልሙ መጀመሪያ የሚታዩት የዝንጀሮ ሰዎች አልባሳት ፊት ብዙ ሰው ይቆም ነበር። ስቱዋርት ፍሪቦርን የሠራቸው ጭምብሎች ከንፈራቸው ተገልጦ ጥርሳቸው እንዲታይ ተዋናዩ በምላሱ የሚነካው ነገር በውስጣቸው አለ። መሪውን የተጫወተው ዳን ሪክተር ተዋናይ ሳይሆን በዝምታ የሚተውን የሰውነት እንቅስቃሴ ባለሙያ ነበር። የለንደን የእንስሳት ማሳያ ሄዶ ጎሪላ ሲመለከት ይውልና የተማረውን ለጓደኞቹ ያስተምር ነበር። በልብሱ ውስጥ ሙቀቱ እጅግ የሚያዳክም ስለነበር ለረጅም ጊዜ መቀረጽ አይቻልም። የምናየው የአፍሪካ በረሃ ደግሞ በናሚቢያ በረሃ የተነሱ ፎቶግራፎች ናቸው፤ ብርሃንን ወደ መጣበት በሚመልስ ነገር በተሸፈነ፣ 27 ሜትር ያህል ስፋት ባለው ሸራ ላይ ከፊት በኩል ይጣሉ ነበር። የካሜራው ሌንስና የምስሉ ብርሃን በአንድ መሥመር ላይ ስለሆኑ የተዋናዮቹ ጥላ በሸራው ላይ አይታይም። ነብሩ ዓይኑ በቢጫ ብርሃን ሲያበራ የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ያ ብርሃን ከዓይኑ ተመልሶ ወደ ሌንሱ ገባ። ማንም አላቀደውም። ኩብሪክም አላጠፋውም። ሁሉን በቁጥጥሩ ሥር ማዋል የሚወድ ሰው ይህን አጋጣሚ አይቶ መተዉ ብልህነቱን ያሳያል።

ሪክተር ሌላም ነገር ሞክሯል፤ ይህንንም የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። በነጠብጣብ የተሸፈነ ልብስ ለብሶ፣ ከመደቡ ጋር እየተመሳሰለ ብቅ ጥልቅ የሚል የሌላ ዓለም ፍጡር ሆኖ ተቀርጿል። ኩብሪክ ፍጡራኑን ለማሳየት ብዙ ደከመ። ረጃጅምና ቀጫጭን አካላት ተሞከሩ፣ የብርሃን ቅርጾች ተሞከሩ። የሥነ ፈለክ ሊቁ ካርል ሳጋን ከፍጡራኑ ምንም ባይታይ፣ መኖራቸው ብቻ ቢጠቆም እንደሚሻል መምከሩን በኋላ ጽፏል። በመጨረሻም አልታዩም። ይህ ውሳኔ ለእኔ የፊልሙ ምሰሶ ነው። ከዚያ ዘመን የቀሩልንን የሌላ ዓለም ፍጡራን ዛሬ ስናይ የጎማ ልብሱ ስፌት ይታየናል፤ ያልታየው ግን አላረጀም።

ሌሎችም ቀሩ። ፊልሙ በሳይንቲስቶች ቃለ ምልልስ እንዲጀምር ታስቦ ፍሪማን ዳይሰንና ማርጋሬት ሚድን ጨምሮ ከዓለም ታዋቂ ምሁራን ጋር የተደረገው ውይይት ተቀርጾ ነበር፤ ወጣ። ጉዞው መጀመሪያ ወደ ሳተርን ነበር፤ ቀለበቶቹን እንዲያሳምኑ አድርጎ መሥራት ስላልተቻለ መድረሻው ጁፒተር ሆነ፤ በክላርክ መጽሐፍ ውስጥ ግን ሳተርን እንደሆነች ቀርታለች። ታሪኩን የሚያስረዳ የተራኪ ድምፅ ታስቦ ካናዳዊው ተዋናይ ዳግላስ ሬይን ተቀጠረ። ትረካው ሲቀር ሬይን የሃል ድምፅ ሆነ። ከእሱ በፊት ማርቲን ባልሳም የተባለ አሜሪካዊ ተዋናይ የሃልን ቃል ተናግሮ ተቀርጾ ነበር፤ ስሜቱ የበዛ ሆኖ ስለተገኘ ተተወ። ሬይን ተዋናዮቹን ሳያገኝ፣ ፊልሙንም ሳያይ፣ በሁለት ቀናት ውስጥ አንብቦ ጨረሰ። ሃል ሲሞት የሚዘምረው መዝሙርም ምክንያት አለው፤ በ1961 ቤል ላብስ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ውስጥ አንድ አይቢኤም ኮምፒውተር ያንኑ ዜማ ዘምሮ ነበር፣ ክላርክም እዚያ ሄዶ ሰምቶታል።

ፊልሙ በኤፕሪል 2 ቀን 1968 ዋሽንግተን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ 161 ደቂቃ ያህል ነበር። ከአዳራሹ እየወጡ የሄዱ ሰዎች ነበሩ። ኩብሪክ በቀናት ውስጥ 19 ደቂቃ ገደማ ቆረጠ። የቆረጠውን ሲመርጥ ያዘነ አይመስለኝም። የተቆረጠው ፊልም በዋርነር ብራዘርስ ክምችት ውስጥ፣ ካንሳስ በሚገኝ የጨው ማዕድን ጉድጓድ፣ እንዳለ በ2010 ተገልጿል። ይታይ የሚሉ ወዳጆች ብዙ ናቸው። እኔ እንዲታይ አልፈልግም፤ ለሚያጠኑት ይቀመጥ፤ ወደ ፊልሙ ግን አይመለስ። ዳይሬክተሩ በሕይወት ሳለ ሊመልሰው ይችል ነበር፤ አልመለሰውም።

በመቀነሱ ላይ ይህን ያህል ካመሰገንኩት የሚከተለውንም መናገር አለብኝ። ፊልሙ ያገኘው አንድ የኦስካር ሽልማት ለልዩ የእይታ ሥራ የተሰጠው ነው፤ የተሰጠውም ለኩብሪክ ብቻ ነው። በሕይወት ዘመኑ ያገኘው ብቸኛ ኦስካርም ይኸው ሆነ። በፊልሙ መጨረሻ በሚታየው የስም ዝርዝር ላይ የእይታ ሥራውን የመሩት ዋሊ ቪቨርስ፣ ዳግላስ ትራምቡል፣ ኮን ፔደርሰንና ቶም ሃዋርድ ተጠቅሰዋል፤ መድረክ ላይ ግን የሉም። ጥቁር ቀለም ይዘው የመንኮራኩሩን ጥላ ፍሬም በፍሬም ሲስሉ የከረሙትማ ስማቸው በየትም አይነበብም። ኩብሪክ ሁሉን ያየ፣ ሁሉን የመረጠ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን መምረጥ የሚቻለው ከሚመረጥ ነገር መካከል ነው፤ ያንን የሚመረጥ ነገር የፈጠሩት ሌሎች ናቸው። ዐውደ ርእዩ በዚህ በኩል ከፊልሙ የተሻለ ፍትሐዊ ነው፤ በየሥዕሉ ሥር የሣዩ ስም ተጽፏል።

የሙዚቃው ታሪክ ደግሞ ከዚህም ይበልጥ ያሳዝነኛል። አሌክስ ኖርዝ የተባለው ታላቅ የፊልም ሙዚቃ ደራሲ ለፊልሙ እንዲጽፍ ተጠርቶ ነበር። ኩብሪክ ፊልሙን በሚያቀናብርበት ወቅት ለጊዜው እያለ የሚያሰማቸው የሪቻርድ ስትራውስ፣ የዮሐን ስትራውስና የሊጌቲ ሥራዎች ነበሩ፤ ኖርዝ ከእነሱ ጋር መፎካከር ነበረበት። በሁለት ሳምንት ገደማ ከአርባ ደቂቃ የሚበልጥ ሙዚቃ ጻፈ። ከጭንቀቱ ብዛት ታሞ ወደ ቀረጻው ቦታ በአምቡላንስ እንደተወሰደ ራሱ ተናግሯል። ከዚያ ኒው ዮርክ ውስጥ ፊልሙ ሲታይ ገብቶ ተቀመጠ፤ ከጻፈው አንድም ኖታ አልሰማም። ቀደም ብሎ የነገረው ሰው አልነበረም። የሊጌቲም ሙዚቃ ቢሆን ደራሲው በቅጡ ሳይጠየቅ ነው የገባው።

ኖርዝ በ1991 አረፈ። በ1993 ወዳጁ ጄሪ ጎልድስሚዝ ለንደን ውስጥ ኦርኬስትራ ሰብስቦ የተጣለውን ሙዚቃ አስቀረጸው፤ ዛሬ ማንም ሊያዳምጠው ይችላል። ከዐውደ ርእዩ በኋላ ፈልጌ አዳመጥኩት። መልካም ሙዚቃ ነው፤ በተለይ የዝንጀሮ ሰዎቹ ክፍል ውስጥ ፍርሃትና ረሃብ ይሰማል። ከምስሉ ጋር ግን ሳስበው ምስሉ የሚያሳየውን መልሶ የሚናገር ነው፤ ተመልካቹ ምን ሊሰማው እንደሚገባ አስቀድሞ ይነግረዋል። በፊልሙ የገባው የዮሐን ስትራውስ ዎልዝ ግን ምንም አይነግረንም፤ መንኮራኩሮቹ ይዞራሉ፣ እኛም የመሰለንን እናስባለን። ኩብሪክ ሙዚቃውን በመተዉ ትክክል ነበር እላለሁ። ለኖርዝ አንድ ስልክ አለመደወሉን ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።